የሰው እጅ የነካው ሞተር

እኔ ቁጡ ሰው ነኝ። ሰው ሳይነግርብኝ ራሴ ልናገረው ብዬ ነው። አሰላ ውስጥ ሞተር ሳይክል ያለው ሁሉ ያውቀኛል፤ ፍሪሲዮኑን አቃጥሎ መጥቶ «ምን ነካው?» የሚለኝን ሰው፣ ሞተሩን አስቀምጬ መጀመሪያ እሱን ነው የምጠግነው። እንዲህ ያለውን ሰው የውድድር ዳኛ አድርጎ መሾም የጋሼ ሐሳብ ነበር። ጯሂ ስለሆንክ ድምፅ ማጉያ አንከራይም ብለው ቀለዱብኝና የደንቡን ደብተር እጄ ላይ አስቀመጡት።

ጋሼ የምላቸው ሙያውን ያስተማሩኝ ሰው ናቸው። አባቴ ከሞተ በኋላ እናቴ ወስዳ ጋራዣቸው በር ላይ አቆመችኝ፤ ካንዴላ መፍታትም፣ ሰው ፊት ቀና ብሎ መናገርም የተማርኩት ከእሳቸው ነው። ዛሬም አንድ ጋራዥ ውስጥ ነን። እሳቸው በር ላይ ፀሐይ እየሞቁ ያወራሉ፣ እኔ ውስጥ ሆኜ እሠራለሁ።

ውድድሩን ላላየ ሰው ማስረዳት ያስቸግረኛል። ፌዴሬሽን የለ፣ ዋንጫ የለ፣ ባነር የለ። ኢተያ አጠገብ አንድ ደግ ገበሬ ነበሩ፤ ኮምባይነር ስንዴያቸውን አጭዶ ሲወጣ ማሳቸውን ለአንድ እሁድ ይለቁልናል። ሰኞ ጠዋት ለሥራ የምትፈለገው ሞተር ናት እሁድ የምትወዳደረው። የግብርና ባለሙያው ቀበሌ ለቀበሌ የሚዞርባት፣ መምህሩ ትምህርት ቤት የሚሄድባት። የኋላ ዕቃ መጫኛዋን እንፈታለን፣ መስታወቶቿን እንነቅላለን፣ በቃ የውድድር ሞተር ሆነች። ሰንበት ስለሆነ የምንጀምረው ከሰዓት ነው። ከቅዳሴ የመጣውም፣ ከአምልኮ የመጣውም፣ ሰግዶ የመጣውም ገለባው ላይ ጎን ለጎን ይቀመጣል። የጭላሎ ንፋስ ጆሮ ይቆርጣል። የገለባው ሽታ ከቤንዚኑ ሽታ ጋር ተደባልቆ፣ ሴቶቹ ትኩስ ድንች በሚጥሚጣ እየሸጡ... ኧረ ተዉኝ፣ ሳስበው ሆዴ ይባባል።

ዙሩ አምስት ነው። ከገለባው ክምር ተነስተው ሜዳውን ያቋርጣሉ፣ ወደ ጅረቷ ይወርዳሉ፣ ተሻግረው ጭቃማውን ዳገት ይወጣሉ፣ በባሕር ዛፎቹ ዞረው ይመለሳሉ። ያሸነፈ ሰው የሚያገኘው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ወደ አሰላ ስንመለስ ከፊት ይነዳል። ሌሎቻችን ክላክስ እያስጮህን ከኋላው እንከተላለን። ከተማ ስንገባ ባለሱቁ ከሱቁ ይወጣል፣ ፀጉር አስተካካዩ መቀሱን እንደያዘ በር ላይ ቆሞ ይስቃል፣ ሰዉ ያጨበጭባል። ለዚህች ለአንድ መንገድ ነበር ሰው ዓመቱን ሙሉ ሞተሩን ሲያባብል የሚከርመው።

በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ደንብ አልነበረንም፤ አንድ ዓመት ለጥቂት ነው ሳንፈነካከት የተለያየነው። ችግሩ ዳገቱ ላይ ነበር። የኢተያ ልጆች አምስት ስድስት ሆነው ዳገቱ ሥር ይቆሙና ጓደኛቸው ሲመጣ እየገፉ አናቱ ላይ ያደርሱታል። የአሰላ ልጆች አላደረግንም ብዬ አልዋሽም። በሳምንቱ ሻይ ቤት ተሰብስበን በተማሪ ደብተር ላይ ደንብ ጻፍን። አራተኛው እንዲህ ይላል፦ «በውድድር መሐል የሰው እጅ የነካው ሞተር ከውድድሩ ይወጣል።» ቃሉን ያወጡት ጋሼ ናቸው፣ የጻፍኩት እኔ ነኝ፣ ሁላችንም ፈረምንበት።

ስንጽፈው የገዛ አገራችንን ሰው ረስተን ነበር። እኛ ዘንድ ሰው ሲወድቅ ቆሞ የሚያይ የለም። አማርኛ ተናጋሪው «እኔን!» ብሎ ይሮጣል፣ ኦሮምኛ ተናጋሪው «ካኢ! ካኢ!» እያለ ይሮጣል፤ ተነስ ማለቱ ነው። ሁለቱ እኩል ይደርሳሉ። ሳያስቡት ነው የሚያደርጉት። ውድድሩ ሳይጀመር ሕዝቡ ፊት ቆሜ፣ የወደቀ ሰው አትንኩ፣ የወደቀ ሞተር አታንሱ እያልኩ ጉሮሮዬ እስኪነቃ እጮሃለሁ። አንድ ጊዜ አንዲት እናት ከእግር እስከ ራሴ አዩኝና ወደ ጎረቤታቸው ዞረው «ይሄ ሰው እናት አላሳደገችውም እንዴ?» አሉ። አጠገባቸው የነበረው ሰው ሁሉ ሳቀብኝ። እኔ ግን ንግግሬን ቀጠልኩ።

አሁን የሳጉሬውን ሰው ላስተዋውቃችሁ። የእንስሳት ጤና ባለሙያ ነው፤ ክትባቱን በበረዶ ሣጥን ጭኖ ገደል ለገደል የሚዞር፣ ረጅም፣ ወሬ የማያበዛ። ከሳጉሬ አምስት ሞተሮች ይመጡ ነበር፤ አለቃቸው እሱ ነው። ደንቡ በወጣ በዓመቱ፣ አራተኛው ዙር ላይ ሁሉንም ጥሎ እየመራ ሳለ ጅረቷ ውስጥ አንሸራተተውና ሞተሩ እግሩ ላይ ወደቀ። እኔ የምቆመው እዚያው ጅረቷ አጠገብ ነው። ዓይኔን ጨፍኜ እስክገልጥ አንድ ጋቢ የለበሱ ሽማግሌ ጫማቸውን እንኳ ሳያወልቁ ውሃው ውስጥ ገብተው ሞተሩን አነሱለት። ተነሳ፣ አስነሳ፣ ነዳ፣ አንደኛ ወጣ።

ከውድድር አወጣሁት።

ከእኔ ጋር የተከራከረው በጣም በጨዋ ደንብ ነበር። ሽማግሌውን አልጠራኋቸውም አለ። እግሬ ከሥሩ ነበር፣ ደግሞ ያባቴን እኩያ ሰው ገፍቼ ልጣላቸው ነበር ወይ አለ። እኔ ደብተሩን ገለጥኩና ሰው ሁሉ እንዲሰማ ጮክ ብዬ አነበብኩት። «የሰው እጅ የነካው ይላል ወይስ አይልም?» አልኩት። «ይላል» አለ። እጁን ዘረጋልኝ፤ ተጨባበጥን። አሸናፊ የሆነው ሁለተኛ የወጣው የኢተያ ትራክተር ነጂ ነበር፤ የሳጉሬው ከነጓደኞቹ ከሰልፉ ኋላ ገብቶ እስከ አሰላ ክላክሱን ሲያስጮህ መጣ። ጋሼ ትከሻዬን መታ መታ አድርገው ዳኛ ማለት እንዲህ ነው አሉኝ። እግዜር ያሳያችሁ፣ ሱሪዬ እስኪጠበኝ ነው የኮራሁት።

በቀጣዩ ዓመት ከውድድሩ በፊት ሻይ ቤት ስንሰበሰብ የሳጉሬው አንድ ሐሳብ ይዞ መጣ። አራተኛው ደንብ የወጣው ለመግፋት ነው፤ ከሞተር ሥር የተያዘን ሰው ማንሳት መግፋት ስላልሆነ ለብቻው ይጻፍ አለ። ከዚያ የበለጠ ግልጽ ነገር የለም። እኔ ደግሞ በዚያ ጠባዬ ቱግ አልኩ። አንተ ስለወደቅህ ደንብ አይቀየርም፣ ጎማህን ቀይር አልኩት። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እሱም ሳቀና ተቀመጠ። ጋሼ ሻያቸውን እያማሰሉ ነበር፤ ልክ ነው፣ ደንብ በየዓመቱ አይነካካም አሉ። ይህን የነገርኳችሁ ጋሼን ለማሳጣት አይደለም። እኔ ካልኩት የተለየ ነገር አልተናገሩም።

ያ ዓመት ለጋሼ የመጨረሻቸው ነበር። ጉልበታቸው አላስነሳ ብሏቸዋል፤ ሐኪሙ ሞተር በእግር መቀስቀስ ካልተዉ ምርኩዝ ይግዙ ብሏቸዋል። አንደኛ ወጥተው አያውቁም። ሁለተኛ ወጥተዋል፣ ደጋግመው ሁለተኛ ወጥተዋል፤ የሌላ ሰው ጭስ እየጠጡ ነው ወደ አሰላ ሲገቡ የኖሩት። ክረምቱን ሙሉ ሞተራቸውን አብረን ስንፈታና ስንገጥም ከርመናል። ሌላ ምንም አልፈልግም፣ አንድ ቀን ከፊት ሆኜ ከተማዬ ልግባና ቁልፉን አስረክብሃለሁ ይሉኝ ነበር። እሳቸው ከሚፈልጉት በላይ እኔ እፈልግላቸው ነበር። አሁን ሳስበው ያን ቀን ደብተሩን ለሌላ ሰው መስጠት ነበረብኝ፤ አንድም ሰው ይህን ያነሳ አልነበረም፣ እኔም አላነሳሁም።

ውድድሩ ሦስተኛው ዙር ላይ ሲደርስ የሳጉሬው ሞተር ካቴና ወለቀ። እየመራ ነበር። ሰዉ እንደለመደው ሊረዳው ግር ብሎ ሲነሳ ሁለት እጁን ዘርግቶ «አትንኩብኝ! አደራ፣ አትንኩብኝ!» አለ። ጭቃው ውስጥ ተንበርክኮ፣ ጣቱ እየደማ፣ ብቻውን አስገባው። ያን ጊዜ ጋሼ አለፉት። ከዚያ በኋላ የሆነውን ሁሉ ብረሳ ያቺን «አትንኩብኝ»ን አልረሳትም።

የመጨረሻው ዙር ላይ ጋሼ በብዙ ርቀት ይመራሉ። የሳጉሬው ከኋላ እየደረሰ ነው። ጋሼ ጅረቷ ውስጥ ሲገቡ የፊት ጎማቸው ድንጋይ መታ፣ መሪው ተጠመዘዘ፣ ከነሞተራቸው ዘጭ አሉ። የጋለው የጭስ ማውጫ፣ ማርሚታው፣ ጭናቸው ላይ ነው፣ ቤንዚን እየተንጠባጠበ ነው፣ እሳቸው ድምፅ አያወጡም። አንዲት ድንች የምትሸጥ ሴት ሳህኗን ጥላ ገባችና ሞተሩን በሁለት እጇ ይዛ ቀጥ አደረገችው። ጋሼ እያነከሱ ተነሱ፣ ረገጡ፣ አልተነሳም፣ ደግመው ረገጡ፣ ተነሳ። የሳጉሬው ዳገቱ ላይ ደረሰባቸው። በሁለት ክንድ በምታህል ርቀት ቀድመው ገቡ።

ጩኸቱ ለጥቂት ጊዜ ነበር። ከጅረቷ ሮጬ ገለባው ክምር ጋ ስደርስ አበቃ። ሁሉም ወደ እኔ አየ። የጅረቷ ዳር ሰው በሙሉ አይቷል፣ እኔም አይቻለሁ፣ ሴትየዋም እርጥብ ቀሚሷን እየጨመቀች እዚያው ቆማለች። የሳጉሬው ሄልሜቱን አውልቆ መጣ። አቤቱታ አላቀረበም። ፊቱን በእጀታው ጠረገና ያየኝ ጀመር። ደብተሩን ገለጥኩ፤ በቃሌ የማውቀውን ነገር እንደ አዲስ አነበብኩት። ጋሼ ሞተራቸው ላይ እንደተቀመጡ ናቸው። ሱሪያቸው ጭናቸው ላይ ተቃጥሎ ቆዳቸው ይታያል። አንጀቴን በሉት።

ደብተሩን ዘጋሁና ፈረድኩ። ይህ ደንብ የወጣው መግፋትን ለመከልከል ነው፣ ከሞተር ሥር የተያዘን ሰው ማንሳት መግፋት አይደለም አልኩ። እንዲያውም አሳምሬ ተናገርኩት። የማን ቃል እንደሆነ ገብቷችኋል። ሻይ ቤት ያሳቅኩበትን የራሱን ሐሳብ ከአፉ ነጥቄ እሱው ላይ ፈረድኩበት። አንድ ነገር ይሉ ይሆናል ብዬ ጋሼን በጨረፍታ አየኋቸው። ወደ አሰላ የሚወስደውን መንገድ ነበር የሚያዩት። ጋሼ መልአክ አይደሉም፤ ያን ያህል ዘመን የፈለጉትን ነገር ሰው እጃቸው ላይ ሲያስቀምጥላቸው አልመለሱም። እኔም በእሳቸው ቦታ ብሆን አልመልስም ነበር።

የሳጉሬው ራሱን ነቀነቀ። «ዘንድሮ በትክክል ፈርደሃል» አለኝ።

ወደ አሰላ የገባነው እንዴት እንደነበር ብነግራችሁ አታምኑኝም። ጋሼ ከፊት ናቸው፣ በዚያ ጉልበታቸው መርገጫው ላይ ቆመው ይነዳሉ። መምህሩ ያለቅሳል፣ ትራክተር ነጂው ይዘፍናል፣ እኔ ከኋላቸው ሆኜ እንባና አቧራ ፊቴን አበላሽቶታል። ከተማው ጋሼን ያውቃቸዋል፤ ሰው ከየቤቱ ወጥቶ በስማቸው እየጠራ አጨበጨበላቸው። ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም እንዲያ ደስ ያለው ሰው አላየሁም። የተደሰትኩትን መደሰት ዛሬ አልክድም። ከተማው መሐል ስንደርስ ግን ዞር ብዬ ሞተሮቹን ቆጠርኩ። አምስቱ የሳጉሬ ሞተሮች የሉም። ሰልፉ እስኪያልፍላቸው ድረስ ኢተያ ቆይተው፣ መንገዱ ጭር ካለ በኋላ ከተማውን አቋርጠው እንደሄዱ በኋላ ሰማሁ።

አንድ ወር ያህል ራሴን እያታለልኩ ቆየሁ። ፍርዱ ትክክል ነው እላለሁ፤ ደግሞም ትክክል ነበር! ያ ነው የሚያንገበግበኝ። ደንቡ መነበብ የነበረበት እንደዚያ ነው። ለሳጉሬው ሳነበው ግን ፊደሉን አነበብኩ፣ ለጋሼ ሳነበው ዓላማውን አነበብኩ። ወይ እንዳለፈው ዓመት ጋሼን አውጥቼ፣ ከእሳቸው ጋር ቁጭ ብዬ አልቅሼ፣ ደንቡን ለከርሞ ማስተካከል ነበረብኝ፤ ወይ ደግሞ ሻይ ቤት ሰውየው ሲለምነኝ መስማት ነበረብኝ። ሁለቱንም አላደረግኩም።

አላስችል ሲለኝ በገበያ ቀን ወደ ሳጉሬ ነዳሁ። ከገበያው ዳር አንድ ሰው በሬውን ይዞለት ሲከትብ አገኘሁት። እስኪጨርስ ጠበቅኩት፤ ሻይ ጋበዘኝ። ይቅርታ ልጠይቅህ ነው የመጣሁት አልኩት። ያለፈው ዓመት ያንተ ነበር፣ ደብተሩ ላይ ልጻፈው አልኩ። እሱ ግን ያን ዓመት ያሸነፈው ትራክተር ነጂ ምን በደለ፣ ከእሱ ነጥቀህ ልትሰጠኝ ነው ወይ አለኝ። ከዚያ ብርጭቆውን አስቀመጠና ረጋ ብሎ እንዲህ አለኝ፦

«መሸነፉን ተወው። ያን ጊዜ ያወጣኸኝ ለት እዚህ ስመለስ ሰው ሁሉ ሳጉሬ ስለሆንክ ነው፣ የአሰላ ሰዎች ለራሳቸው ያዳላሉ አለኝ። እኔ ተጣላኋቸው። ያን ሰው አታውቁትም፣ የገዛ ጋሼው ቢወድቁ እንኳ ያወጣቸዋል ብዬ ዓመቱን ሙሉ ስከራከርልህ ከረምኩ። ከዚያ ጋሼህ ወደቁ። አሁን ሲጠይቁኝ ምን ልበላቸው?»

ሻዬን ሳልጨርስ ተነሳሁ። እስከ ሞተሬ ድረስ ሸኘኝና የኋላ ጎማህ ንፋስ ጎድሎታል፣ ጎሚስታው እዚያ ማዶ ነው ብሎ አሳየኝ። የሰው ልጅ ሲበድለኝ እሰድባለሁ፣ እሱን የምሰድብበት ግን አጣሁ።

በቀጣዩ ዓመት ከሳጉሬ ማንም አልመጣም። በሱ ቀጣይ የኢተያዎቹ ሁለት ብቻ መጡ። ከዚያ ደጉ ገበሬ ዐረፉና ልጆቻቸው ማሳውን ለመስኖ አዋሉት። ሰው ውድድሩ ለምን ቀረ ሲባል መሬት ጠፍቶ ነው ይላል፤ እኔም ሲጠይቁኝ እንዲያው እላለሁ። ደብተሩ ከመፍቻዎቹ ሣጥን ሥር አለ። አሁን በኢተያ በኩል ሳልፍ ሞተሬን አቀዘቅዝና የጎመኑን መደብ አየዋለሁ፤ ያ ሁሉ ሰው፣ ያ ሁሉ ሳቅ እዚህ ነበር ብዬ ትክዝ ይለኛል።

ባለፈው ታኅሣሥ የሳጉሬው ጋራዣችን መጣ። ፍሪሲዮኑ አልቆበት፣ ዕቃው ከአሰላ በስተቀር ስላልተገኘለት ነው። ሰላም ተባብለን ሞተሩን ተቀብዬው ወደ ውስጥ ገባሁ። እሱ በር ላይ ከጋሼ ጎን ተቀመጠ። ጋሼ አሁን ዓይናቸውን ሞራ ስለሸፈነው ሰው የሚለዩት በድምፅ ነው፤ የእሱን ድምፅ ደግሞ ከሰሙ ዘመን አልፏል። ለመጣው ሁሉ እንደሚያደርጉት ያቺን የድል ወሬያቸውን ጀመሩለት። እንዴት እንደወደቁ፣ ማርሚታው እንዴት እንዳቃጠላቸው፣ እንዴት እንደተነሱ። የሳጉሬው ልጅ ጎበዝ ነበር፣ ግን በሁለት ክንድ ቀደምኩት አሉት። ሴትየዋን ዘለሏት። ሁልጊዜም ይዘሏታል። እኔ ውስጥ ሆኜ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ሰውየው እስከ መጨረሻው ሰማቸውና «እኔ ነኝ ጋሼ፣ የሳጉሬው» አላቸው።

ጋሼ በእጃቸው ዳብሰው ክንዱን ያዙት። እንዲህ ባለ ድምፅ ሲናገሩ ሰምቼያቸው አላውቅም፤ ውስጥ ሆኜ በጭንቅ ነው የሰማሁት።

«እስቲ አንተ ንገረኝ» አሉት፣ «እውነት አሸንፌህ ነው?»

ሰውየው ወደ ውስጥ፣ ወደ እኔ፣ ሊያይ ይችል ነበር፤ አላየም። ሌላውን እጁን በጋሼ እጅ ላይ አደረገና «አዎ ጋሼ፣ አሸንፈውኛል» አላቸው።

ሞተሩን ሠርቼ ሰጠሁት፣ አመሰገነኝና ሄደ። ጋሼ ዛሬም በየቀኑ በር ላይ ይቀመጣሉ፤ ስለ ድሮ ጋራዦች፣ ስለ መንገዱ፣ ስለ ሰው ሁሉ ያወራሉ። የዚያን እሁድ ወሬ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ አንድ ጊዜም አንስተውት አያውቁም።